አራት ቀን በሮማ፤ ከጐረመሱ ልጆች ጋር ስለሚደረግ አጭር ጉዞ

ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ከወላጆቹ ጣሪያ ሥር የሚቈይበት ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ዓመት እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ይጠራዋል፤ ሥራ ይጠራዋል፤ በመጨረሻም የራሱ ትዳር ይጠራዋል። በነዚሁ ጥቂት ዓመታት ውስጥም ቢሆን ጧት ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ማታ ወደ ጥናቱና ወደ ስልኩ ስለሚያዘነብል፣ አባትና እናት ከልጃቸው ጋር አንድ ሙሉ ቀን ጐን ለጐን የሚውሉበት ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ገንዘብ አጠራቅመው ልጆቻቸውን ለጥቂት ቀን ወደ አንዱ የአውሮፓ ከተማ ለመውሰድ ቢያስቡ አሳባቸው የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን ከሄዱት መካከል ደክመውና ተቈራርፈው የሚመለሱ አሉ። አባት ከተማውን በሙሉ በአራት ቀን ላሳያችሁ ብሎ ይቸኵላል፤ እናት የሁሉን ሻንጣ፣ የሁሉን ምግብና የሁሉን ወረቀት ብቻዋን ትሸከማለች፤ ልጆቹም ምን ማየት እንደሚወዱ ሳይጠየቁ ከቤተ መዘክር ወደ ቤተ መዘክር ስለሚነዱ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ያጠቍራሉ። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከዝግጅት ጕድለት ነው።

ስለ ዝግጅት በጥቅሉ ከመናገር አንድ ከተማ ይዞ በርሱ ማሳየት ይሻላልና ሮማን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መካከል ላይ ሳያርፍ የሚሄድ አውሮፕላን በስድስት ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ሁለተኛ፣ ሊታዩ ከሚገባቸው ሥፍራዎች አብዛኞቹ ተቀራራቢ ስለ ሆኑ ወጣት እግር ያለ ተሽከርካሪ ይደርስባቸዋል። ሦስተኛ፣ ሮማ በክፉውም በደጉም ከአገራችን ታሪክ ጋር የተሳሰረች ከተማ ናት፤ የኢትዮጵያ ልጅ በጎዳናዋ ሲሄድ እንደ ማንኛውም አገር ጐብኚ ሆኖ ሊያልፍ አይችልም።

ወራቱን ስለ መምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው ጊዜው ነው። የአገራችን ትምህርት ቤቶች በሐምሌና በነሐሴ ስለሚዘጉ ብዙ ወላጆች ያንኑ ወራት ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ የሮማ በጋ በነዚሁ ወራት እጅግ ያቃጥላል፤ የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑ የዘወትር ነገር ነው። ነሐሴ በገባ ጊዜም የኛ ጾመ ፍልሰታ ይገባል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 የሚዘልቅ ሲሆን በማግሥቱ ፍስክ ነው። በዚሁ መካከል ኦገስት 15 የኢጣልያ ትልቅ በዓል ስለ ሆነ፣ የከተማው ሰው ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ይወጣል፤ ብዙ ሱቆችና ምግብ ቤቶችም ይዘጋሉ። ስለዚህ በክረምት የሚሄድ ቤተሰብ በሐምሌ መጀመሪያ ወይም ከፍልሰታ በኋላ ቢሄድ ይቀለዋል።

ከዚህ የሚሻለው ግን በዓመቱ አጋማሽ ያለው የትምህርት ዕረፍት ነው። በዚያን ጊዜ ሮማ ትበርዳለች፤ ዝናምም አይጠፋም፤ ነገር ግን ሰልፉ ያጥራል፤ የሆቴሉም ኪራይ ይቀንሳል። ሹራብና ካፖርት መያዝ ነው። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም የሚገቡበትን ቀን ግን በባሕረ ሐሳቡ አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

ስለ ወረቀትና ስለ ገንዘብ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሁሉ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ጉዞው ከመድረሱ 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መቅረብ አለበት፤ ሆኖም የቀጠሮው ወረፋ ስለሚረዝም ሦስት ወር ቀድሞ መጀመር ብልህነት ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጁን ጀምሮ ክፍያው ዕድሜው 12 ዓመት ለሞላው ሁሉ 90 ዩሮ ነው። እንግዲህ ሁለት የጐረመሱ ልጆች ያሏቸው አባትና እናት ገና ከቤት ሳይወጡ 360 ዩሮ ይከፍላሉ ማለት ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ይህ ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህም ቪዛው ሳይገኝ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት አይገባም። ከዚህም ሌላ እስከ 30,000 ዩሮ የሚደርስ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ 12 ዓመት የሞላው ልጅም እንደ ወላጆቹ የጣት አሻራ ይሰጣል። ከአባቱ ወይም ከእናቱ ከአንዳቸው ጋር ብቻ የሚሄድ ልጅ የሌላውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ፓስፖርት የሚጓዙት ቤተሰቦቻችን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። የልጁ ስም አጻጻፍና የልደቱ ቀን በፓስፖርቱ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በትኬቱ አንድ መሆን አለበት፤ የኛ አቈጣጠር ወደ አውሮፓ ሲመለስ የሚፈጠረው የአንድ ቀን ስሕተት ሰውን ከበር ይመልሳል። ሁለተኛም፣ በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የአውሮፓ ነው። 9 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው የኛ የጧቱ 3 ሰዓት ነውና፣ ቤተሰቡ በጉዞው ሁሉ በአውሮፓ ሰዓት ብቻ እንዲነጋገር አስቀድሞ ይስማማ።

በሮማ ከተማ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንደ ኮሎሴየም ወደ መሰሉ የመንግሥት የጥንት ሥፍራዎች ያለ ክፍያ ይገባሉ። ሆኖም የኮሎሴየም ትኬት የመግቢያ ሰዓት ያለውና በስም የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ለልጆቹም ቢሆን አስቀድሞ ቦታ መያዝና የመታወቂያ ሰነድ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ የመንግሥት ቤተ መዘክሮች ለሁሉም በነፃ ይከፈታሉ፤ ገንዘብ ለሚቈጥብ ጥሩ ቀን ነው፤ ሰልፍ ለማይወድ ልጅ ግን ክፉ ቀን ነው።

የቤተሰብ ጉባኤ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያቦካውን መብላት ይገባል። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት በአንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ይሰብሰብ፤ የሮማ ካርታ በገበታው ላይ ይዘርጋ፤ እያንዳንዱም ሰው ሌላው ሊሽርበት የማይችል አንድ ምርጫ ይስጠው። አንደኛው ልጅ ሮማና ላጺዮ የሚባሉት የእግር ኳስ ቡድኖች የሚጫወቱበትን የኦሎምፒክ ስታዲየም ልይ ቢል፣ ሁለተኛዋ በቪያ ዴል ኮርሶ ያሉትን የልብስ ሱቆች ልይ ብትል፣ አባትና እናት «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው!» ብለው ፊታቸውን አያጥቍሩ። ልጅቱ ወላጆቿ ለእርሷ ምርጫ ሁለት ሰዓት እንደ ታገሡ ባየች ጊዜ፣ እርሷም ለእነርሱ ምርጫ መታገሥን ትማራለች።

ከዚያም ሥራ ይከፋፈል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። አንዱ የመንገድ ኀላፊ ይሁን፤ ካርታውን በስልኩ ላይ አስቀድሞ አውርዶ፣ ቤተሰቡን የሚመራ እርሱ ነው። ሌላይቱ የቀኑን ቦርሳ ትያዝ፤ ጧት የተቈረጠላትን ገንዘብ ተቀብላ ምግቡን፣ ውኃውንና የመሳፈሪያውን ከፍላ ማታ ሒሳቡን ታቅርብ፤ የተረፈውም የርሷና የወንድሟ ይሁን። በዚህ መንገድ «ይህን ግዙልኝ» የሚለው ልመና በአንድ ቀን ሲጠፋ ይታያል። ስልክን ፈጽሞ ከመከልከልም ስልኩን ለሥራ ማዋል ይሻላል፤ መንገድ የሚመራ ልጅ ዐይኑ በጎዳናው ላይ ነው።

ሦስት ሕግ ይበቃል። አንደኛው፣ በአንድ ቀን ትኬት የሚያስፈልገው ትልቅ ነገር ከአንድ አይበልጥ። ሁለተኛው፣ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ዕረፍት ይኑር፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ ማታ ዘግይቶ የሚተኛ፣ ጧትም በግድ የሚነሣ ስለ ሆነ ያለ ዕረፍት ጠብ ይነሣል። ሦስተኛው ሕግ ስለ መጥፋት ነው። በምድር ውስጥ ባቡር በሩ ተዘግቶ አንዱ ሰው ተሳፍሮ ቢሄድ፣ የሄደው በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ እዚያው ይቁም፤ የቀሩትም በሚከተለው ባቡር ይምጡ። ይህን ከቤት ሳይወጡ በቃል ማጥናት ከብዙ ድንጋጤ ያድናል። በባቡሩና በተለይም ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው በ64 ቍጥር አውቶቡስ ውስጥ ኪስ አውላቂ እንዳለ የታወቀ ነውና ፓስፖርት በኪስ አይያዝ።

አራቱ ቀናት

በመጀመሪያው ቀን ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ጣቢያ ወደ ተርሚኒ የሚሄደው ፈጣን ባቡር በ32 ደቂቃ ያደርሳል። ሻንጣ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ማታ ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ወደ ትሬቪ ምንጭና ወደ ፓንቴዎን ማድረግ ይበቃል። ፓንቴዎን ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ያሠራው ነው። የጕልላቱ ስፋት 43 ሜትር ከጥቂት ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ቁመትም ከዚያው ስፋት ጋር እኩል ነው። በአናቱ ላይ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክፍት ቀዳዳ ስላለ ዝናም በወለሉ ላይ ይወርዳል። ሒሳብና ፊዚክስ የሚማር ልጅ «ያለ ብረት እንዴት ቆመ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ መልሱም ሠራተኞቹ ወደ ላይ በወጡ መጠን ግድግዳውን እያሳሱ፣ ከኖራው ጋር የሚደባልቁትንም ድንጋይ እያቀለሉ መሥራታቸው ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያ አለው።

ሁለተኛው ቀን የኮሎሴየም ነው። ከተርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡር ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ይወረዳል። ይህ ሥፍራ ቬስፓስያኖስ ያስጀመረው፣ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያስመረቀው ነው። በዚያው ትኬት ወደ ጥንቱ የሮማውያን አደባባይ ወደ ፎሮ ሮማኖ ይገባል፤ በዚያም የቲቶ የድል በር ቆሟል። ልጆቹ ከበሩ በታች ቆመው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይመልከቱ፤ የሮማ ወታደሮች በ70 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረኩትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ በትከሻቸው ተሸክመው ሲሄዱ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። በሰንበት ትምህርት ቤት የሰሙትን የኢየሩሳሌም ጥፋት እንደዚህ በዐይኑ ያየ ልጅ አይረሳውም።

ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ቢሄዱ የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከላይ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከበታቹ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራው አለ፤ ከዚያም በታች በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረ የሮማውያን ሕንፃና ሚትራ የሚባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ አዳራሽ አለ። ደረጃውን በወረዱ ቍጥር ዘመኑም አብሮ ይወርዳል። የታሪክ መምህር በአንድ ዓመት የማያስረዳውን ይህ ደረጃ በግማሽ ሰዓት ያስረዳል።

ሦስተኛው ቀን የቫቲካን ነው። የቫቲካን ቤተ መዘክሮች ከወሩ መጨረሻ እሑድ በቀር በእሑድ ዝግ ናቸው። ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 እ.ኤ.አ. የሣለውን የሲስቲና ጣሪያ ለማየት ረጅም አዳራሾች ማለፍ ስለሚያስፈልግ የጧቱን የመጀመሪያ ሰዓት መያዝ ይሻላል፤ በዚያ ክፍል ፎቶግራፍ ማንሣትና ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ትከሻውና ጕልበቱ የተራቈተ ሰው አይገባም፤ ለሴቶቹ ልጆች በቦርሳ ውስጥ አንድ ነጠላ ቢኖር ችግሩ አይነሣም። ከፈለጉ 551 ደረጃ ወጥተው ከጕልላቱ አናት ከተማውን ያያሉ፤ ለጐረምሳ ጉልበት ከዚህ የሚበልጥ መደሰቻ የለም።

ከዚሁ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ልጆቹ ይወቁ። በ1479 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጠ። በዚያ ከኖሩት አንዱ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሲሆኑ፣ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በሮማ ከተማ አሳትመዋል። ሥፍራው ለሕዝብ ጕብኝት በየቀኑ ክፍት ባይሆንም፣ የኢትዮጵያ ሊቅ ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በላይ አስቀድሞ በዚህች ከተማ የኅትመት መኪና አጠገብ ቆሞ የፊደሉን ስሕተት ሲያርም እንደ ነበረ ማሰብ ለልጆቻችን መልካም ትምህርት ነው።

ስለ ምግብና ስለ ጾም

በረቡዕና በዓርብ የሚጾም ቤተሰብ በሮማ አይቸገርም። «ማሪናራ» የሚባለው ፒሳ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኵርት፣ ዘይትና ቅመም ብቻ ያለበት ነው፤ አይብ የለበትም። በቲማቲም ብቻ የተሠራ ፓስታም በየምግብ ቤቱ አለ፤ «ሴንሳ ፎርማጆ» ብሎ ማዘዝ አይብ እንዳይነሰነስበት ያደርጋል። ደረቁ ፓስታ ከዱቄትና ከውኃ ይሠራል፤ በእጅ የሚሠራው ትኵሱ ግን ብዙ ጊዜ ዕንቍላል ስላለበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአይስክሬሙ ይልቅ «ሶርቤቶ» የሚባለው ከፍራፍሬና ከውኃ የሚሠራ ነው፤ ይሁንና ወተት እንደሌለበት ይጠየቅ። ቡና ቆመው ሲጠጡ ዋጋው ከተቀመጡበት ያነሰ ነው። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ በከተማው ውስጥ 2,500 ያህል የሚጠጣ ውኃ ያለማቋረጥ የሚፈስባቸው ቦኖዎች ስላሉ፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮዳ ይያዝ።

አራተኛው ቀን፤ የራሳችን ታሪክ

አራተኛውን ቀን ጧት ለኢትዮጵያ ይስጡት። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ የደመሰሷቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ለነርሱም የቆመው መታሰቢያ ሐውልት ከዚያው አካባቢ ይገኛል። በላተራኖ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው መንገድ ደግሞ በአምባ አራዶም ስም ተጠርቷል፤ በ1928 ዓ.ም. የካቲት የተደረገው ውጊያ ማለት ነው። የኢጣልያም ሰው ዛሬ የተዘበራረቀን ነገር «አምባራዳን» ይለዋል፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

በመጨረሻም ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና ሕንፃ ወደሚገኝበት ይሂዱ። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የተወሰደው 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልታችን በዚህ ሥፍራ በ1930 ዓ.ም. ተተከለ። ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል የተወሰደውን ሁሉ በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታ ሳለ፣ ሐውልቱ እስከ 1996 ዓ.ም. እዚያው ቆየ። በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴም በጥንቱ ሥፍራው ተተክሎ ተመረቀ። እንግዲህ በፖርታ ካፔና ልጆቹ የሚያዩት ባዶውን ሥፍራ ነው። ይህን ባዶ ሥፍራ ግን ከኮሎሴየም ባላነሰ ሊያዩት ይገባል።

በዚህ ጊዜ ልጅ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። «በመርዝ ጋዝ የፈጁን፣ በየካቲት 12 ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ የጨረሱት ከዚህ ተልከው ከሆነ፣ እኛ ስለ ምን ገንዘባችንን ይዘን ልናይላቸው መጣን?» ይላል። ይህ ጥያቄ የብልህ ልጅ ጥያቄ ነው፤ «ዝም በል፣ ያለፈ ነገር ነው» ተብሎ ሊታፈን አይገባውም። የሚሰጠውም መልስ በመንገድ ላይ የሚታሰብ አይደለም፤ ከጉዞው በፊት በቤት መዘጋጀት አለበት። አያቶች በሕይወት ካሉ ልጆቹ ሄደው ከወላጆቻቸው ስለዚያ ዘመን የሰሙትን ይጠይቋቸው፤ ድምፃቸውንም በስልክ ይቅረጹ። አያቶቹ ካለፉ የቤተሰቡ ታላቅ ሰው ይናገር። ከዚያ በኋላ አባትና እናት እውነቱን ሳይቀንሱ ይንገሯቸው፤ ግፉን ያዘዙትና የፈጸሙት ሰዎች ስምና ዘመን ያላቸው መሆናቸውን፣ ዛሬ በአውቶቡስ ውስጥ ለእናታቸው ቦታ የለቀቀላት ወጣት ግን በዚያን ጊዜ እንዳልተወለደ ያስረዷቸው። የተወሰደ ነገር የሚመለሰው በማስታወስና ያለ መታከት በመጠየቅ እንደ ሆነም ያው ባዶ ሥፍራ ራሱ ይመሰክራል።

ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ለልጆቹ ልቀቁላቸው። ከፍ ከፍ ያሉት በናቮና አደባባይ አካባቢ ለሁለት ሰዓት ብቻቸውን ይዙሩ፤ የሚገናኙበት ሥፍራና ሰዓት ግን ተቈርጦ ይታወቅ። ወላጆችም በዚያን ጊዜ ቡናቸውን ይዘው ዐረፍ ይበሉ።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይበቃው ቤተሰብ ልቡ አይዘን። ጉባኤው፣ የሥራው ክፍፍል፣ በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ የማየቱ ሕግና የአያት ምስክርነት ለላሊበላም፣ ለጎንደርም፣ ለአክሱምም ያው ነው፤ በአክሱም ደግሞ በሮማ ባዶውን የቀረው ሥፍራ ባለቤት ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የትም ቢሄዱ ግን ወላጆች ቀኑን አሁን ይቍረጡ። የዐሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ለሁለት ክረምት ያህል ብቻ በቤት እንዳለ ቈጥረው ያስቡ፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን በካርታ እየመራ የሚወስደው የራሱ ልጆች ሲኖሩት ይሆናል።